በክረምት ፈረስ የት ይለማመዳል? ከጅማ የአንዲት ባዝራ ጉዳይ

ጅማ አካባቢ ክረምት ሲገባ ፈረስ ያለው ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ጋሪ ይጠምደዋል፣ ወይ ደጅ አስሮ ሣር እያጋጠ መስከረምን ይጠብቃል። እዚህ የምጽፈው ሁለቱንም ስላልፈለገ ወጣት ነው። ዳማ ባዝራ አለችው። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ለአገር አቋራጭ ግልቢያ ሊያለማምዳት ፈለገ። እኔ በእንስሳት ሕክምና ሥራ ላይ ስላለሁ ነገሩን ከቅርብ ተከታትዬዋለሁ። የልጁን ስምና ሰፈር እተወዋለሁ፤ ለጉዳዩ አይጨምርም፣ አይቀንስም።

መቼም «ክረምቱ እስኪወጣ ለምን አልጠበቀም?» የሚል ይኖራል። እኔም መጀመሪያ የጠየቅኩት ይህንኑ ነው።

ወጣቱ አዲስ አበባ ውስጥ ፈረስ ግልቢያ የሚያስተምር ቦታ ለዓመታት ሠርቷል። መጀመሪያ ጋጣ ያጸዳ ነበር። ቀስ በቀስ ፈረስ ማሟሟቅና ማለማመድ ጀመረ። እዚያ ፈረሶች ግንድ ሲዘሉ፣ ቦይ ሲሻገሩ፣ ውሃ ውስጥ ሲገቡ አየ፤ ራሱም ሞከረው። ጅማ ሲመለስ ባጠራቀማት ገንዘብ ባዝራዋን ገዛ። ሐሳቡ ጥሩ አድርጎ አሠልጥኖ መሸጥ ነው። በደላላ በኩል አንድ ገዢ ተገኘ። ገዢው በጥቅምት እመጣለሁ አለ። ሦስት ነገር በዓይኔ ማየት አለብኝም አለ፦ ባዝራዋ ሳታንገራግር ጥልቀት የሌለው ውሃ እንድትሻገር፣ የወደቀ ግንድ እንድትዘል፣ ቁልቁለት በሶምሶማ እንድትወርድ።

ችግሩ ግልጽ ነው። ክረምቱን ሙሉ ቆማ የከረመች ባዝራ በጥቅምት መጀመሪያ ምንም አታሳይም። ሆዷ ይወጣል፣ ትንፋሿ ያጥራል፣ ጡንቻዋ ይላላል። ስለዚህ ልምምዱ በዝናብ ውስጥ መሆን ነበረበት።

ለማያውቀው አንባቢ ስለ ግልቢያው ትንሽ ልበል። አገር አቋራጭ ሦስት ክፍል ካለው የፈረስ ውድድር አንዱ ክፍል ነው። አንደኛው ፈረሱ በሥርዓት የሚንቀሳቀስበት ነው። ሁለተኛው አገር አቋራጭ ነው። ሦስተኛው አጥር በተደረገበት ሜዳ መሰናክል መዝለል ነው። ባለ ሦስት ክፍሉ ውድድር ኦሎምፒክ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1912 ስቶክሆልም ላይ ነው። የአገር አቋራጩ ክፍል ልዩ የሚያደርገው መሰናክሉ የማይወድቅ መሆኑ ነው። ግንዱ ግንድ ነው፣ ቦዩም ቦይ ነው። ፈረሱ ከነካው ግንዱ አይሸሽለትም። በዚያ ላይ የሚጋለበው በተፈጥሮ መሬት፣ ዳገትና ቁልቁለት እያለ ነው። መሬቱ ሲበላሽ ሁሉም ነገር የሚበላሸው ለዚህ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። እንግሊዝ ውስጥ ባድሚንተን የሚባለው ዝነኛ ውድድር እ.ኤ.አ. በ2012 ሜዳው ውሃ ስለጠገበ ጭራሽ ተሰርዟል። ልዩነቱ እነሱ ሌላ መንገድ አላቸው። ዝናብ ሲበዛ ፈረሳቸውን ለፈረስ በተሠራ መኪና ይጭናሉ። አሸዋ የተነጠፈበትና ከሥሩ ውሃ ማስወገጃ ያለው የልምምድ ቦታ ይሄዳሉ፤ ከፍለው ይገባሉ። የእኛ ወጣት ያለው አንድ ኮርቻ፣ አንድ ልጓምና ሁለት እግር ነው። በአይሱዙ ላስጭናት ቢል እንኳ የሚወስዳት ቦታ የለም።

ጅማ ደግሞ ዝናብ አይቸግራትም። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። ከመጋቢት ጀምሮ ያካፋል፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ይብሳል። ለቡናው በረከት ነው። ለፈረስ ኮቴ ግን ሌላ ነው።

የተሞከሩት ቦታዎች

መጀመሪያ የሄደው ሁሉም ሰው የሚሄድበት፣ ወደ ቦዬ ረግረግ አቅጣጫ ያለው ሜዳ ላይ ነው። በበጋ ድንቅ ቦታ ነው። ሰፊ ነው፣ ሜዳ ነው፣ ሣሩ ለስላሳ ነው። በሰኔ አጋማሽ ግን ጥቁሩ አፈር ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ላዩ አረንጓዴ ሣር ሆኖ ያታልላል። ባዝራዋ ሶምሶማ ስትጀምር ኮቴዋ ሙሉ በሙሉ ሰመጠ። ስታወጣው የመምጠጥ ድምፅ ይሰማል። ይህ ድምፅ ለእኔ «ውረድ» ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምነውን አንድ ነገር ልቃወም። «ጭቃ ጉልበት ያጠነክራል» ይባላል። እውነት ነው፣ ፈረሱ ይደክማል፣ ላብ በላብ ይሆናል። ግን የሚደክመው ጡንቻው ብቻ አይደለም። ኮቴ ጭቃ ውስጥ ሲያዝና አካል ወደፊት ሲሄድ፣ ከፊት እግር ጀርባ የሚወርደው ጅማት ከልኩ በላይ ይለጠጣል። ጡንቻ በሁለት ቀን ያገግማል። ጅማት ከተጎዳ ግን ወራት ይፈጃል፤ ክፉኛ ከተበጠሰ ዓመትም ይሄዳል። ጥልቅ ጭቃ ላይ ፈረስ የሚያስሮጥ ሰው ያላገኘውን ጉልበት በጅማት ይከፍላል።

የረግረጉ ሜዳ ሌላም ጣጣ አለው። የአፍሪካ ፈረስ በሽታን የሚያስተላልፉት ጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች የሚራቡት እርጥብ መሬት ላይ ነው። ከምሽት እስከ ንጋት ይበዛሉ። ወጣቱ ደግሞ «ፀሐይ ሳትወጣ» ብሎ ጎህ ሲቀድ ነበር የሚሄደው። ክትባቱን ቀደም ብላ መውሰዷ በጀ። ክትባቱ ቢሾፍቱ ባለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም የሚመረት ነው። ሕያው ግን የተዳከመ ቫይረስ ስለሆነ ከተከተበች በኋላ ከባድ ሥራ እንዳያሠራት ነግሬው ነበር፤ ሰምቷል። ግን ክትባት ተከትባለች ተብሎ የዝንብ መንጋ መሐል አትወሰድም።

ቀጥሎ ኳስ ሜዳ ተሞከረ። ነገሩ በአንድ ጠዋት አለቀ። የፈረስ ኮቴ እርጥብ ኳስ ሜዳ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማንም መንገር አያስፈልግም። የሰፈሩ ልጆች ሊደበድቡት ምንም አልቀራቸው። እውነታቸውን ነው።

አስፋልቱን አንድ ሁለቴ ሞከረው። በእርምጃ ብቻ ከሆነ አስፋልት ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም እግር ያጠነክራል። ግን ባጃጅ አለ፣ ሚኒባስ አለ፣ ጥሩምባ አለ። በዚያ ላይ ዘይት የፈሰሰበት እርጥብ አስፋልት ያንሸራትታል። ወደ ውስጥ ሰፈር ሲገባ ደግሞ ኮብልስቶን ነው። እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ፈረስ ሲንሸራተት ያየ ሰው ሁለተኛ አይሞክረውም። ይህን ስል የጋሪ ፈረሶች ትዝ ይሉኛል። እነሱ ክረምት ከበጋ እዚያው ላይ ናቸው፤ መሬት የሚመርጥላቸው የለም። ስለ እነሱ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ከዚያ ወደ ጅሬን ዳገት ወጣ። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ጉብታ ነው። የፈረስ ስም ይዘው የነገሡ ሰው ደጃፍ ላይ ፈረስ ማለማመድ የሚያስደስት ነገር አለው፤ ለወጣቱም ሳይሰማው አልቀረም። ዋናው ቁም ነገር ግን አፈሩ ነው። ዳገቱ ላይ ያለው ቀይ አፈር ውሃን ወደ ታች ያሳልፋል። ጠዋት ብትሄዱ ማታ የዘነበው የለም። ኮቴ በልኩ ይሰምጣል፣ በልኩ ይለቃል። ወጣቱ እፎይ አለ።

እፎይታው ረጅም አልሆነም። የመረጠው ቀጭን የእግረኛ መንገድ ነበር። ሰው፣ አህያና ከብት የሚመላለስበት ቀይ አፈር በጊዜ ብዛት ተጠቅጥቆ ይጠነክራል። ውሃ አይገባውም። ካፊያ ሲመታው ላዩ ላይ ስስ የጭቃ ሽፋን ይሠራል፤ ከሥሩ ድንጋይ ነው። ከረግረጉ ሸሽቶ እዚህ መምጣቱ ከድጡ ወደ ማጡ የሚሉት በግልባጩ ሆነ። ሐምሌ ውስጥ አንድ ጠዋት ቁልቁለቱን በሶምሶማ ሲያወርዳት የኋላ እግሮቿ ከሥሯ ሸሹ። በቂጧ ቁጭ አለች። ተፍጨርጭራ ስትነሳ ክብደቷን በሙሉ ቀኝ የፊት እግሯ ላይ ጣለች።

ማታውኑ ደወለልኝ። «ዶክተር፣ አታነክስም፤ ግን እግሯ ይሞቃል።» ይህችን «ይሞቃል» በማለቱ አመሰገንኩት። ብዙ ሰው ፈረሱ ካላነከሰ ደኅና ነው ብሎ በማግስቱ ይጋልባል። ሄጄ ዳሰስኩት። ከጉልበት በታች፣ ከኋላ በኩል፣ ጅማቱ ላይ ትንሽ እብጠት አለ። ስጫነው እግሯን ትሰበስባለች። የተበጠሰ አልነበረም፣ ተለጥጧል። ቀዝቃዛ ምንጭ ውስጥ ጠዋትና ማታ እንዲያቆማት፣ በእጅ እየጎተተ ብቻ እንዲያንቀሳቅሳት፣ ኮርቻ የሚባል ነገር እንዳይነካት ነገርኩት። ሙቀቱና እብጠቱ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ፣ ከዚያም ትንሽ እስኪያልፍ ድረስ። ጥቅምት ቀርቧል ብሎ ተጨነቀ። «ወንድሜ፣ አሁን ካረፈች ለጥቅምት ትደርሳለች። አሁን ከጋለብካት ለመጪው ዓመት ጥቅምትም አትደርስም» አልኩት።

ባህር ዛፉ

ባዝራዋ ባረፈችበት ጊዜ ወጣቱ በእግሩ ቦታ ፍለጋ ወጣ። ያለ ፈረስ መሄዱ ጠቀመው። ፈረስ ላይ ሆኖ መሬት አይታይም። አንድ ቀጥ ያለ ዱላ ይዞ፣ ዝናብ ባባራ ማግስት፣ በየደረሰበት እየወጋ ሄደ። ዱላው በቀላሉ ገብቶ ሲወጣ ቀዳዳው ውሃ ከሞላ ይተወዋል። ትንሽ ገብቶ ከቆመ፣ ቀዳዳውም ባዶ ከሆነ ያስበዋል። ጭራሽ ካልገባም ይተወዋል፤ እሱ የጅሬኑ መንገድ ዓይነት ነው።

የተገኘው በአንድ አዛውንት ገበሬ ተዳፋት መሬት ላይ ያለ ባህር ዛፍ ነው። ባህር ዛፍ ውሃ ይመጥጣል፣ መሬት ያደርቃል ተብሎ ይወቀሳል። ለቡናና ለእህል ጎረቤት በእርግጥ ክፉ ነው። ለእኛ ጉዳይ ግን ይህ አመሉ ጠቀመ። ዛፎቹ አፈሩ ውስጥ ያለውን ውሃ ይመጥጣሉ። ቅጠላቸው የዝናቡን ጠብታ ይሰብራል። ከብት ስለማይሰማራበትና መንገደኛ ስለማያቋርጠው አፈሩ አልተጠቀጠቀም። ዛፉ ሁለተኛ ቆረጣ ላይ የደረሰ ስለሆነ በረድፎቹ መሐል ፈረስ የሚያሳልፍ ቦታ አለ። ችግሩ ጉቶ ነው። ቅጠል የሸፈነው ጉቶ የፈረስ እግር ይሰብራል። ወጣቱ መስመሩን በሙሉ በሬክ ጠርጎ፣ ጉቶ ባለበት ሁሉ ነጭ ማዳበሪያ ከረጢት ቀዶ አሰረ።

ከመሬቱ ይልቅ የከበደው ሰውየው ናቸው። ገና ሲጠየቁ «አይሆንም» አሉ። ምክንያታቸው ጥሩ ነበር። ከባህር ዛፉ በታች የቡና ችግኝ አለ። ፈረስ ቢያመልጥ ችግኙ ላይ ነው የሚወርደው። ልጆች ፈረስ ሊያዩ ይሰበሰባሉ፣ በቆሎ ይሰብራሉ። አንድ ልጅ ቢረገጥስ ተጠያቂው ማነው? ወጣቱ በማግስቱ ሁለት ሽማግሌ ይዞ፣ ስኳርና ቡና ይዞ ተመለሰ። ንግግሩ በኦሮምኛ ነበር፤ እኔ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከነገሩኝ እጽፋለሁ።

«አባባ፣ የሚበላሸውን ሁሉ እከፍላለሁ» አለ።

«ልጄ፣ ችግኝ በገንዘብ አይመለስም። ሦስት ዓመት ነው የሚመለሰው» አሉት።

ነገሩን የፈታው ፋንድያ ነው። አዛውንቱ ለችግኛቸው ማዳበሪያ ይፈልጋሉ፤ ወጣቱ በየቀኑ የሚጥለው ፋንድያ አለ። ፋንድያው በሙሉ የሳቸው እንዲሆን፣ ከችግኙ በላይ ገመድ እንዲወጠር፣ እሳቸው እንጨት በሚያወርዱበት ቀን እንዳይመጣ ተስማሙ። ውል አልተጻፈም። ቡናው ተጠጣ፣ ተመረቀ። ጥሬ ፋንድያ ችግኝ ግንድ ላይ እንዳይከመር፣ መጀመሪያ ተከምሮ እንዲብላላ ለወጣቱ ነገርኩት፤ እሱም ለአዛውንቱ ሊነግራቸው ሲል «እኔን ቡና ልታስተምረኝ ነው?» ብለው ሳቁበት።

ልምምዱ

ነሐሴ ሲገባ ባዝራዋ እግሯ ቀዘቀዘ። ቀስ ብሎ ጀመረ። አጀማመሩን ብዙ አልዘረዝርም፤ እርምጃ፣ ከዚያ ሶምሶማ፣ ዳገት ላይ ብቻ። ግልቢያ የሚባል ነገር አልነበረም። እርጥብ መሬት ላይ ለፈረስ የሚያስፈልገው ፍጥነት አይደለም፤ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ማወቅ ነው። ጠበብ ባለ የዛፍ ረድፍ መሐል በእርምጃ ወዲያና ወዲህ እያጠማዘዘ መሄድ ለዚህ ከመዝለል ይበልጣል። ወጣቱ መጀመሪያ ሰልችቶት ነበር። በኋላ ባዝራዋ አንገቷን ዝቅ አድርጋ መሬቱን እያየች መሄድ ስትጀምር ገባው።

ሰዓቱንም አስተካከለ። ጅማ ላይ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሌሊቱ መሬቱን ያንጠፈጥፋል። ንጋት ላይ ዝንቡ አለ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ሁለቱም ይመቻል፤ መሬቱ ተንጠፍጥፏል፣ ዝንቡም ቀንሷል፣ ደመናው ገና አልተሰበሰበም።

በየቀኑ ከመጀመሩ በፊት መስመሩን በእግሩ ይዞራል። አብረን ያወጣነው መመሪያ ቀላል ነው። የባዝራዋ ኮቴ ግማሽ ድረስ ከሰመጠ ሶምሶማ ይቻላል። ሙሉ ኮቴው ከሰመጠ እርምጃ ብቻ። የኮቴው ዳና ውሃ ከቋጠረ ወደ ቤት። ነሐሴ ውስጥ ወደ ቤት የተመለሰባቸው ጠዋቶች ጥቂት አልነበሩም። በእነዚያ ቀናት አስፋልት ዳር በእርምጃ ብቻ ያንቀሳቅሳት ነበር።

ለዝላዩ ግንድ ከዚያው ተገኘ። ከ30 ሳንቲ ሜትር ጀምሮ እስከ 50 ድረስ ብቻ። ትልቁ የዓለም ውድድር ላይ ጠንካራው መሰናክል 1.20 ሜትር ይደርሳል። ግን ያ የትልልቅ ፈረሶች ጉዳይ ነው። የእኛዋ ባዝራ ከመሬት እስከ ትከሻዋ 1.30 ሜትር አትሞላም። የአገራችን የደጋ ፈረስ ትንሽ ነው፤ በእግሩ አቀማመጥ ግን በማንም አይቀናም።

ሦስት ነገር አጥብቄ ነገርኩት። ግንዱ በሁለት በኩል በችካል ይያዝ፤ የሚንከባለል ግንድ እግር ሥር ከገባ ፈረስም ሰውም ይወድቃል። ዝላዩ ሁልጊዜ ወደ ዳገት ይሁን፤ ወደ ቁልቁለት ሲዘለል ክብደቱ በሙሉ የፊት እግር ላይ ያርፋል፣ ያ እግር ደግሞ ገና ከሕመም የተነሳ ነው። አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ አይዘለል፤ የምትነሳበትና የምታርፍበት መሬት ቶሎ ይቦካል።

የመጨረሻዋ ራስ ምታት ሆነች። ግንዱን በየጊዜው ማዛወር አድካሚ ነው። ወጣቱ መጀመሪያ ሰጋቱራ አመጣ። ጅማ የእንጨት ሥራ ከተማ ናት፤ ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ ከዚህ ነው የሚወጣው፤ ሰጋቱራ በየወርክሾፑ ተከምሮ ያድራል። ግን ደቃቅ ሰጋቱራ ውሃ ሲጠጣ ይላቁጣል። ለጋጣው ወለል ጥሩ ሆነ፤ ለማረፊያ አልሆነም። ሁለተኛው የቡና ገለባ ነው። ይህ ሠራ። ሻካራ ነው፣ ውሃ ያሳልፋል፣ ከቡና መፈልፈያ በነጻ ይገኛል። ሁለት ጥንቃቄ አለው። ሲበሰብስ እሱም ይንሸራተታል፤ ስለዚህ አሮጌው ተጠርጎ አዲስ ይጨመራል። ሌላው፣ ካፌይን ስላለበት ፈረስ እንዲበላው አይተውም። ባዝራዋ ቀምሳው ፊቷን አዞረች፤ እሷስ ታውቃለች።

ቦዩን ያገኘው ከገመዱ በላይ፣ አዛውንቱ ጎርፍ እንዲያስቀይስላቸው የቆፈሩት ነው። የእርጥብ ቦይ ክፋቱ ጠርዙ መናዱ ነው። ፈረሱ ሊዘል ሲነሳ ጠርዙ ከሥሩ ከተናደ በሆዱ ይገባል። ይህኛው ግን ጠርዙ ላይ ቬቲቨር ሣር ተተክሎበታል። ቬቲቨር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ እዚሁ ጅማ፣ በመልኮ የምርምር ጣቢያ በኩል ወደ አገራችን የገባ ሣር ነው። ሥሩ ቁልቁል ጠልቆ አፈሩን ጨምድዶ ይይዛል። አዛውንቱ ለጎርፍ የተከሉት ሣር ለባዝራዋ ጠንካራ መነሻ ሆነላት።

ውሃው ግን ሌላ ታሪክ ነው። በክረምት ወንዝ መሻገር አይፈቀድም፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም። ላይኛው ተፋሰስ ላይ የዘነበ ዝናብ እዚህ ሳታዩት ይመጣል። ወደ ጊቤ ሸለቆ ዝቅ ማለት ደግሞ ገንዲን፣ በዝንብ የሚተላለፈውን የቆላ የከብትና የፈረስ በሽታ፣ መጥራት ነው። ስለዚህ የተመረጠው ወለሉ ጠጠር የሆነ፣ ከቁርጭምጭሚቷ እምብዛም የማያልፍ ትንሽ ጅረት ነው። ወጣቱ በቅድሚያ ሱሪውን ሰብስቦ ራሱ ይሻገራል። ውሃው ጠርቶ ጠጠሩ ከታየ ይገባሉ። ማኪያቶ ከመሰለ ይመለሳሉ።

ባዝራዋ አልገባም አለች። ዳር ድረስ ትሄዳለች፣ ታሸታለች፣ ወደኋላ ትላለች። ወጣቱ ጅራፍ ሊያነሳ ሲል ጎረቤቱ የሆነ ጋሪ ነጂ አየው። «እሁድ እኔ አልሠራም፤ የኔን ሽማግሌ ላምጣልህ» አለው። ሽማግሌው አሥር ዓመት ጋሪ የጎተተ፣ ጎኑ ጠባሳ በጠባሳ የሆነ ቦራ ፈረስ ነው። ልጓም እንኳ አልተደረገለትም። ዝም ብሎ ገባ። መሐል ላይ ቆሞ ጠጣ። ባዝራዋ አየችው፣ ጆሮዋን አቆመች፣ ተከተለችው። ሦስተኛው እሁድ ላይ ያለ እሱ ገባች። ጅራፍ ቢነሳ ኖሮ ውሃና ሕመም አንድ ላይ ነበር የሚያዙባት።

ከልምምድ መልስ ያለው ሥራ ከልምምዱ ይረዝማል። ጭቃው በውሃ ተለቅልቆ እግሩ በጨርቅ ይደርቃል፤ እርጥብ ሆኖ ከዋለ ከቁርጭምጭሚቱ ኋላ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ባክቴሪያ ይገባበታል፣ ቅርፊት ይሠራል። የኮቴው ውስጥ በየቀኑ ተፍቆ ይታያል፤ ከሸተተ መበስበስ ጀምሯል። ወጣቱ የጋጣውን ወለል በጠጠር ከፍ አድርጎ ሰጋቱራ አነጠፈበት። በዚያ ክረምት ያየሁት ንጹሕ ኮቴ የዚህች ባዝራ ነበር።

ጥቅምት

ገዢው ከደላላው ጋር መጣ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ደላላው «ይቅር፣ ነገ ይታይ» ቢል ወጣቱ ዛሬ ይታይ አለ። ግንዱን በንጽሕና ዘለለች። ቁልቁለቱን በሶምሶማ ወረደች፤ ሳትቸኩል፣ ኋላዋን ዝቅ አድርጋ። ጅረቱ ዳር ቆመች። ወጣቱ ዛቡን ለቀቅ አድርጎ ጠበቃት። አሽትታ ገባች።

ገዢው ቁመቷ አነሰ ብሎ ዋጋ ሊቀንስ ሞከረ። ቀኝ እግሯንም ደጋግሞ ዳበሰው። ወጣቱ የሐምሌውን ጉዳት ሳይደብቅ ነገረው፤ እኔም የያዝኩትን ማስታወሻ አሳየሁት። ደላላው በዚህ ተናደደ። ገዢው ግን ፊቱ ተለወጠ፤ ሌላውን ሁሉ ያመነው ከዚያ በኋላ ይመስለኛል። በስንት እንደተስማሙ አልነገሩኝም፤ አልጠየቅኩም። ባዝራዋ በማግስቱ ሄደች። ጋሪ ነጂውም ድርሻው ደርሶታል።

ገዢው ለሚቀጥለው ዓመት ሁለት ተመሳሳይ ፈረስ አዝዟል። ሁለት ፈረስ ማለት ሁለት እጥፍ የሚቦካ መሬት ነው። አዛውንቱ ደግሞ ባህር ዛፉን በበጋ አስቆርጠው አጣና ሊሸጡ ነው። ጉቶ የሞላበትና ጥላ የሌለው ተዳፋት ለክረምት አይሆንም። ወጣቱ አሁን ዓይኑን የጣለው ሥራ ያቆመ የገረጋንቲ ካባ ላይ ነው። ውሃ አያቁርም፣ ሰው አያልፍበትም። ድንጋዩ ግን ስለታም ነው፤ ናል (የብረት ጫማ) የሌለው ኮቴ ሥሩ ይቆስልበታል። የካባው አንድ ጥግ ላይ አሸዋና የቡና ገለባ ቀላቅሎ ለመሞከር አስቧል። ፈቃዱን ለቀበሌ ጠይቆ መልስ እየጠበቀ ነው። ናል የሚመታለት ሰው ግን እስካሁን አላገኘም።